ሰማሁ ያለ ሁሉ አልሰማም

የነገሩትን ሁሉ ቃል በቃል እየደገመ የሚመልስ ሰው ሰፈር ውስጥ ቢገኝ ይሳቅበታል። እኔ ጡረታ እስክወጣ የኖርኩት ከእንደዚህ ዓይነት ሰዎች ጋር ነው። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። አብራሪውን «ወደ 13,000 ጫማ ውረድ» ስለው «ወደ 13,000 ጫማ እየወረድኩ ነው» ብሎ የበረራ ቁጥሩን ጨምሮ ይመልስልኛል። መልሱን አዳምጬ ካልኩት ጋር አንድ መሆኑን እስካረጋግጥ ድረስ ትእዛዙ እንደተሰጠ አይቆጠርም። ከፊቴ በተደረደሩት፣ ስትሪፕ በምንላቸው ጠባብ ወረቀቶች ላይ አዲሱን ከፍታ የምጽፈው ስናገር ነው፤ ምልክት የማደርግበት ግን ትክክለኛው መልስ ጆሮዬ ሲገባ ነው። በመጻፉና ምልክት በማድረጉ መካከል ያለችው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ናት። በዚያች ጥቂት ሰከንድ የተበላሸ ነገር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጨርሷል።

ተሳፋሪ የአውሮፕላን አደጋ ሲባል የሚታየው የተቃጠለ ሞተር ወይም የተሰበረ ክንፍ ነው። እኔን እንቅልፍ ይነሳኝ የነበረው ሌላ ነው፦ ሁለት ጤነኛ ሰዎች፣ ሁለቱም ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ በልባቸው የተለያየ ነገር ይዘው ተግባብተናል ብለው ሲለያዩ። ወጣት ተቆጣጣሪዎች ዛሬ እንደ ዳዊት የሚደግሟቸው ብዙዎቹ ደንቦች የመጡት ከዚያ ነው። ደንቡን ከነቁጥሩ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን እየቀነሰ ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

መጀመሪያ ንግግር የሚባል ነገር አልነበረም። በ1929 በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ አርቺ ሊግ የተባለ ሰው የእጅ ጋሪ እየገፋ ወደ ሜዳው ይወጣ ነበር። ጋሪው ላይ ተጣጣፊ ወንበር፣ የፀሐይ ጃንጥላ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ምሳውና ሁለት ባንዲራዎች አሉ። ቀዩን ሲያነሳ «ጠብቅ»፣ ዳማ ዳማውን ሲያነሳ «ሂድ» ማለት ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ክሊቭላንድ ላይ ሬዲዮ የተገጠመለት ማማ ሥራ ጀመረ። ከባንዲራው ዘመን የተረፈ ነገር ቢኖር በየማማው የሚቀመጠው የመብራት ሽጉጥ ነው። ሬዲዮ የተበላሸበት አብራሪ በአረንጓዴና በቀይ ብርሃን ይታዘዛል፤ እንደገባው ለማሳወቅም ክንፉን ያወዛውዛል።

ባንዲራ የሚያውቀው ሁለት ቃል ብቻ ስለሆነ የሚያሳስተው ትንሽ ነበር። በሬዲዮ ሁሉንም መናገር ተቻለ፤ በሁሉም መሳሳትም እንዲሁ። ደግሞም የእኛ ሬዲዮ እንደ ስልክ ሁለት ሰው እኩል የሚያወራበት አይደለም። ተናጋሪው ቁልፍ ይጫናል፤ እስኪለቀው ድረስ ሌላው ሁሉ ያዳምጣል። ቁልፉ በደንብ ሳይያዝ ንግግር ከተጀመረ የመጀመሪያው ቃል ተቆርጦ ይቀራል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከተጫነ ደግሞ ሁለቱም የተናገሩ ይመስላቸዋል፤ አዳማጩ ዘንድ የሚደርሰው ግን ፉጨት ነው። ይህን ፉጨት ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በየትኛው ቋንቋ እንነጋገር የሚለው ጥያቄ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር አብሮ መጣ። በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው ስምምነት ዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦን፣ አስገኘ። ድርጅቱ በ1951 ለዓለም አቀፍ በረራ እንግሊዝኛ እንዲሠራበት መከረ። እኛ ዘንድ እንግሊዝኛው ቀድሞ ገብቶ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 የተቋቋመው ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር በተደረገ ውል ነው፤ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲሄድ አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። የሥራውን ንግግር ከነአነጋገር ዘይቤው ከእነሱ ወሰድን።

በእንግሊዝኛ መስማማት ፊደሉን እንኳ አላዳነውም። ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ፒ፣ ቲ በሚንሿሿ ሬዲዮ ውስጥ አንድ ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል ሙሉ ስም ተሰጠው። በ1951 የወጣው ዝርዝር ኮካ፣ ሜትሮ፣ ኔክታር የሚሉ ስሞች ነበሩበት፤ ሥራ ላይ ሲውሉ ለብዙ ሰው ጆሮም ለምላስም አልመች አሉ። ማርች 1 ቀን 1956 በቻርሊ፣ በማይክና በኖቬምበር ተተኩ። የእኛ አውሮፕላኖች መመዝገቢያ «ኢቲ» በሬዲዮ «ኤኮ ታንጎ» የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥሮቹም ተገሩ፦ ናይንና ፋይቭ ስለሚምታቱ ዘጠኝ «ናይነር» ተባለ።

የፊደሉና የቁጥሩ ጣጣ እንዲህ ተቃለለ። ሰዎቹ በአንድ ንግግር ሁለት ነገር መረዳታቸው ግን አልቀረም። ዲሴምበር 1 ቀን 1974 የቲ ደብሊው ኤ በረራ 514፣ ቦይንግ 727፣ ወደ ዋሽንግተን እየሄደ ሳለ ነፋሱ ስለበረታ ወደ ደለስ አየር ማረፊያ እንዲዞር ተደረገ። ለማረፊያው ገና ከ40 ማይል በላይ ሲቀረው ተቆጣጣሪው ወደ ማረፍ እንዲቀርብ ፈቀደለት። በስንት ጫማ ላይ እንደሚቆይ አልነገረውም። ተቆጣጣሪው፣ አብራሪው ከፍታውን ከካርታው አይቶ ራሱን ከተራራ ይጠብቃል ብሎ ነው። አብራሪዎቹ ደግሞ እሱ ከፈቀደ መንገዱ ነፃ ነው አሉ። በድምፅ መቅጃው ላይ እንደተሰማው ካፒቴኑ ካርታው 3,400 ጫማ እንደሚል አይቶ ነበር፤ ግን ፈቃድ ከተሰጠ ዝቅ ማለት ይቻላል ብሎ ደመደመ። ወደ 1,800 ጫማ ሲወርዱ ቨርጂኒያ ውስጥ ማውንት ዌዘር የሚባለውን ተራራ መቱ። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 92 ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

ቦሌ ላይ የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ወደ እንጦጦ ማየቱ አይቀርም። ማረፊያችን ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ተራራው ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው፤ በክረምት ደመናው ሁለቱንም አንድ ያደርጋቸዋል። ከፍታ ያልተጠቀሰበት ፈቃድ እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከማውንት ዌዘሩ አደጋ ይበልጥ የሚያንገበግበው ከእሱ ስድስት ሳምንት ገደማ በፊት የሆነው ነው። የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ ፈቃድ እንዲሁ ተረድተው ለጥቂት ተርፈው ነበር። ዩናይትድ ለራሱ አብራሪዎች ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ወሬው ቲ ደብሊው ኤ ዘንድ አልደረሰም። አሜሪካኖች በ1976 ናሳ የሚያስተዳድረውን የጥቆማ ሥርዓት ያቋቋሙት ከዚህ በኋላ ነው። አብራሪም ተቆጣጣሪም ለጥቂት የተረፈበትን ነገር ስሙ ሳይገለጥ ይጽፋል፤ ያጠፋውን ለመቅጣት ሳይሆን ሌላው እንዲያውቀው። በእኔ ዕድሜ በሙያችን ከተሠሩት ነገሮች ብልሁ ይህ ይመስለኛል።

በዚያው በ1976፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን፣ ዛግሬብ ላይ አንድ የእንግሊዝ ትራይደንትና አንድ የዩጎዝላቪያ ዲሲ-9 ሰማይ ላይ ተጋጩ። የላይኛውን ሰማይ ብቻውን ይዞ የነበረው ተቆጣጣሪ ዲሲ-9ኙ ወደ ትራይደንቱ ከፍታ እየወጣ መሆኑን ያወቀው በመጨረሻው ደቂቃ ነው። ሲደነግጥ እንግሊዝኛውን ትቶ በገዛ ቋንቋው «ባለህበት ቁም» አለ። ዲሲ-9ኙ ታዘዘ፤ የቆመበት ግን 33,000 ጫማ፣ ትራይደንቱ ያለበት ከፍታ ነበር። እንግሊዞቹ ንግግሩን በሬዲዮ ቢሰሙትም ስለ እነሱ እንደሆነ ሊያውቁ አይችሉም። 176 ሰው አለቀ። ተቆጣጣሪው ግራዲሚር ታሲች ሰባት ዓመት ተፈረደበት፤ የሙያ ጓደኞቹ ከያገሩ ስለጮኹለት ቀድሞ ተፈታ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ቋንቋው ነው። እኔ የምመልሰው ያን ሁሉ በረራ ለአንድ ሰው የተወው ማን እንደሆነ እንዲጠይቁ ነው።

ተነሪፍ ላይ ግን መቆም አለብን።

ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን ካናሪ ደሴቶች የላስ ፓልማስ አየር ማረፊያ ውስጥ፣ አንድ የአበባ ሱቅ ላይ ቦምብ ፈነዳ። ወደዚያ ይሄዱ የነበሩ በረራዎች በጎረቤቷ ተነሪፍ ወደሚገኘው ሎስ ሮዴዎስ ተዛወሩ። ሎስ ሮዴዎስ አንድ ማኮብኮቢያ ብቻ ያለው ትንሽ ማረፊያ ነው። ከመጡት ውስጥ ሁለቱ ቦይንግ 747 ነበሩ፤ አንዱ የሆላንዱ ኬ ኤል ኤም፣ ሁለተኛው የአሜሪካው ፓን አም። የቆሙት አውሮፕላኖች የጎን መንገዱን ስለዘጉት የሚነሳ ሁሉ በዋናው ማኮብኮቢያ ላይ እስከ ጫፍ ሄዶ መዞር ነበረበት። የኬ ኤል ኤሙ ካፒቴን ያኮብ ፌልድሃውዘን ፋን ዛንተን የድርጅቱ የ747 አሠልጣኞች አለቃ፣ ፎቶው በድርጅቱ ማስታወቂያ ላይ የሚታይ ሰው ነው። የሆላንድ ሕግ ደግሞ የሠራተኛውን የሥራ ሰዓት አጥብቆ ይቆጥራል፤ ከዘገዩ ሌሊቱን እዚያው ማደር ሊመጣ ነው። ስለዚህ ላስ ፓልማስ ላይ ጊዜ እንዳይባክን ሎስ ሮዴዎስ ላይ 55,500 ሊትር ነዳጅ ቀዱ። ፓን አም ከኋላ ተዘግቶ ጠበቀ።

በዚህ መሃል ደመናው ወርዶ ሜዳውን ሸፈነ። ኬ ኤል ኤም እስከ ጫፍ ሄዶ ዞሮ ቆመ። ፓን አም በዚያው ማኮብኮቢያ ላይ መውጫውን እየፈለገ ከኋላው ይመጣል። ማማው ሁለቱንም አያያቸውም፤ የመሬት ራዳርም የለውም። ሁለቱም እርስ በእርስ አይተያዩም። ያላቸው ጆሮ ብቻ ነው።

ማማው ለኬ ኤል ኤም ከተነሳ በኋላ በየት እንደሚሄድ የሚገልጸውን የመንገድ ፈቃድ ሰጠው። ይህ መነሳት ትችላለህ ማለት አይደለም፤ የመነሻው ፈቃድ ለብቻው ነው የሚሰጠው። በንግግሩ ውስጥ ግን «ከተነሳህ በኋላ» የሚል ነበረበት። ረዳት አብራሪው ፈቃዱን ደግሞ መልሶ መጨረሻ ላይ አሁን መነሻው ላይ እንዳሉ ተናገረ። አውሮፕላኑ በዚያን ጊዜ መንደርደር ጀምሯል። ማማው ላይ ያለው ሰው የገባው ለመነሳት ተዘጋጅተው እንደቆሙ ነው፤ «ኦኬ» አለ። ቀጠለና «ለመነሳት ጠብቅ፣ እጠራሃለሁ» አለው። በዚያችው ቅጽበት የፓን አም ሰዎች ነገሩ ስላላማራቸው እኛ ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን ብለው ጮኹ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ፉጨት ይህ ነው። ሁለቱ ንግግሮች ተጋጩና ኬ ኤል ኤም ውስጥ የተሰማው «ኦኬ»፣ ከሱም በኋላ ሦስት ሰከንድ ያህል ፉጨት ብቻ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ የሬዲዮ ጣጣ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የሬዲዮ አይደለም። ማማው ፓን አምን ማኮብኮቢያውን ሲለቅ እንዲያሳውቀው ጠየቀው፤ ፓን አምም እሺ ብሎ መለሰ። ይህ ንግግር ኬ ኤል ኤም ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰምቷል። ከሦስቱ ሰዎች አንዱ፣ የበረራ መሐንዲሱ፣ ነቃ። ያ ፓን አም አልወጣም እንዴ ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ ወጥቷል እንጂ ሲል በእርግጠኝነት መለሰለት። መሐንዲሱ ዝም አለ። ረዳቱም ዝም አለ። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ 583 ሰው ሞተ፤ ከፓን አም 61 ሰዎች ተረፉ፣ ከኬ ኤል ኤም አንድም አልተረፈም።

ስፔኖች ጥፋቱን ያለ ፈቃድ በተነሳው ካፒቴን ላይ አደረጉ። ሆላንዶች አለመግባባቱ የሁሉም ነው ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ለእኔ ግን ከክርክሩ ይልቅ የተከተለው ነገር ይበልጣል። ዛሬ «ቴክ ኦፍ» የሚለውን ቃል የምንናገረው የመነሻውን ፈቃድ ስንሰጥ ወይም ስንሰርዝ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ንግግር ሁሉ «ዲፓርቸር» እንላለን። ማኮብኮቢያን የሚመለከት ፈቃድ ሁሉ ሙሉ በሙሉ ይደገማል፤ «ኦኬ» ወይም «ሮጀር» ብሎ ማለፍ የለም። የመሐንዲሱ ዝምታ ደግሞ ሌላ ትምህርት ወለደ። ናሳ በ1979 በጠራው ጉባኤ ላይ ስለ አብራሪዎች የእርስ በእርስ ግንኙነት ተመከረ፤ ዩናይትድም በ1981 ለበረራ ሠራተኞቹ በዚሁ ላይ የተመሠረተ ሥልጠና ጀመረ፤ ታናሹ እንዲናገር፣ ካፒቴኑም እንዲሰማ ለማስለመድ።

ቃል በደንብ ይታጠራል። ሰው ለሰው ያለው ፍርሃትና አክብሮት በደንብ አይታጠርም። ይህን ያሳየን ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ኒው ዮርክ ላይ የወደቀው የኮሎምቢያው አቪያንካ በረራ 52 ነው። ቦይንግ 707ቱ ከቦጎታ በሜደሊን በኩል መጥቶ ነበር። በመጥፎው አየር ምክንያት በረራ ስለተደራረበ ሦስት ጊዜ አየር ላይ እንዲዞር ተደርጎ በጠቅላላው 77 ደቂቃ ጠበቀ። ረዳት አብራሪው ቅድሚያ እንደሚፈልጉ ተናገረ፤ አደጋ ላይ ነን የሚያሰኘውን «ኢመርጀንሲ» ግን አላለም። ለተቆጣጣሪ በሁለቱ መካከል የሰማይና የምድር ልዩነት አለ። ያን ቃል ሲሰማ ሌላውን ሁሉ ገፍቶ መንገድ ይከፍታል፤ ካልሰማ ግን ነዳጅ እያነሰኝ ነው የሚል አብራሪ በዚያ ምሽት ብርቅ አይሆንበትም።

የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ በነፋሱ ምክንያት ከሸፈ። ካፒቴኑ ኢመርጀንሲ ላይ መሆናችንን ንገራቸው አለ፤ ረዳቱ ነግሬያቸዋለሁ አለው። በሬዲዮ የተናገረው ግን ነዳጅ እያለቀብን ነው የሚል፣ ከሌላ መልእክት መጨረሻ ላይ የተለጠፈ ዝቅ ያለ ንግግር ነበር። ከተቆጣጣሪው ዘንድ 15 ማይል ያህል ተወስደው እንደሚመለሱ ተነግሯቸው ለነዳጃቸው ይስማማ እንደሆነ ተጠየቁ። መልሱ «ይመስለኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ» የሚል ሆነ። አራቱም ሞተሮች ጠፍተው ሎንግ አይላንድ ኮቭ ኔክ ላይ ወደቁ። ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። እሳት አልተነሳም፤ የሚነድ ነዳጅ አልነበረምና።

ይሉኝታ የእኛ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ያንብብ። እናስቸግራለን፣ ይቆጡናል፣ ተራ አፈረሱ ተብለን እንታማለን የሚለው ስሜት ቦጎታም አለ፣ አዲስ አበባም አለ። እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ድምፁ የለሰለሰ አብራሪ ሲያናግረኝ ከቃሉ ጀርባ ያለውን እፈልግ ነበር፤ የሚጮኸው ብዙም አያሳስበኝም።

ኖቬምበር 12 ቀን 1996 ኒው ዴልሂ አካባቢ፣ ቻርኪ ዳድሪ ላይ የሆነው ደግሞ መልእክት በሰው ሲተላለፍ ነው። ወደ 15,000 ጫማ እንዲወርድ የተፈቀደለት የካዛኪስታን ኢል-76 ወደ 14,000 ጫማ ከሚወጣ የሳውዲ 747 ጋር ተጋጭቶ 349 ሰው አለቀ። ከሳውዲው ተሳፋሪዎች ብዙዎቹ ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚሄዱ ሕንዳውያን ነበሩ፤ እንዲህ ዓይነቱን በረራ የማያውቅ ቤተሰብ ዛሬ እኛም ዘንድ ጥቂት ነው። በካዛኩ አውሮፕላን ላይ ከመሬት ጋር የሚነጋገረው ለብቻው የተቀመጠ የሬዲዮ ሠራተኛ እንጂ መሪውን የያዘው ሰው አልነበረም። ከፍታው በሬዲዮ ትክክል ተደግሟል፤ አውሮፕላኑ ግን ከተፈቀደለት በታች ወረደ።

ኢካኦ በ2003 ያጸደቀው የእንግሊዝኛ ችሎታ ደንብ የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው። ከ2008 ጀምሮ ዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠራ አብራሪና ተቆጣጣሪ ከስድስቱ ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛውን እንዲያሟላ ይጠየቃል። ጥሩ ደንብ ነው። ነገር ግን የተነሪፍ ሰዎች እንግሊዝኛ ይችሉ እንደነበር፣ የማውንት ዌዘሩ አደጋ የደረሰውም እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት በሆኑ ሰዎች መካከል እንደሆነ አትርሱ።

አሁን ደግሞ በውቅያኖስና ሰፊ በረሃ ላይ ትእዛዙ በጽሑፍ በስክሪን ይላካል። ፉጨት የለውም፣ ቁጥር አይምታታም። እኔ ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል፦ በድምፅ ሲሆን በዚያ ሰማይ ያለ ሁሉ ያዳምጣል። አንድ ማለዳ ቁጥራቸው የሚመሳሰል ሁለት በረራዎች ነበሩኝ። ለአንደኛው መውረጃ ስሰጥ ሳይጠሩት አቤት ባዩ ሌላኛው መለሰልኝ፤ ቁጥሩን አድበስብሶት ስለነበር የነቃሁት በድምፁ ነው። ቅድም ያነጋገረችኝ ሴት ነበረች፣ አሁን የመለሰው ወንድ። አፌን ሳልከፍት እሷም ያ ለእኔ አልነበረም እንዴ ብላ ገባችበት። ጽሑፍ ድምፅ የለውም፤ ሦስተኛ ጆሮም የለውም።

ጀማሪ ተቆጣጣሪ ሲሰጠኝ እንግሊዝኛውን የሚመዝን ፈተና ስለነበረለት እሱን ለፈታኙ እተው ነበር። እኔ ያልገባው ጊዜ የሚያደርገውን አይ ነበር። ካፒቴኑ የፈለገ አንጋፋ ቢሆን፣ ሬዲዮው የፈለገ ቢጨናነቅ፣ የተሰጠውን ግማሽ መልስ አልቀበልም ብሎ «ድገምልኝ» ካለ፣ ሁለተኛውም ካልጠራ ሦስተኛ ከጠየቀ፣ ወንበሩን እለቅለት ነበር። የተሰማ ይመስለኛል ብሎ ስትሪፑ ላይ ምልክት ያደረገውን ግን የቱንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን ወደ ማሠልጠኛው ክፍል እመልሰው ነበር።